ጋሼ የጠረጉት ጨው

እናንተዬ፣ ደብረ ብርሃን ላይ መጠጥ ውስጥ በረዶ የሚጨምር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ጠዋት ፊታችንን የምንታጠብበት ውሃ ራሱ በረዶ ነው እኮ! አክስቴ ሰናይት ግን ትጨምራለች። ሆቴል ባር ውስጥ ነው የምትሠራው። ሎሚና ብርቱካን በተኪላ የምታደርገው ነገር አላት፤ የቀመሰው ሁሉ አውርቶ አይጠግብም።

ህልሟ የራሷን ቤት መክፈት ነው። ትንሽ፣ መንገድ ዳር። ቤቱ ደግሞ አለ! የጋሼ መኮንን የፊት ክፍል። ችግሩ ጋሼ መኮንን ናቸው። የእሷም የእናቴም ታላቅ ወንድም ናቸው። ውሻቸው እንኳን ለመጮኽ ፈቃድ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው።

ክፍሉን ስትጠይቃቸው «መጀመሪያ የምትሸጪውን አሳዪኝ፣ ከዚያ አስብበታለሁ» አሏት። አክስቴ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አንቺ ነሽ የምትሠሪላቸው። እኔ እሳቸው ፊት የማውቀው ሁሉ ይጠፋኛል።»

እኔ! አምና አስተማሪ ስሜን ሲጠራ «አቤት» ማለት አቅቶኝ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ቀሪ የተባልኩት እኔ! ዘንድሮ ግን፣ አልዋሽም፣ ተለውጫለሁ። ባዮሎጂ ላይ ሰሌዳ ፊት ቆሜ የልብን አሠራር አስረድቼ ተጨብጭቦልኛል። አክስቴ ይህን ሰምታ ነው። ልብ ማስረዳትና ጋሼን መጋፈጥ አንድ መስሏት!

ቅዳሜ ዕቃችንን ይዘን ቤታቸው ሄድን። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ልንገራችሁ። ሎሚው ከአሊዩ አምባ ገበያ የመጣ፣ ልጣጩ ስስ የሆነ ይሁን። ጠረጴዛ ላይ በመዳፋችሁ ተጭናችሁ አንከባልሉት፤ ያኔ ጭማቂው አይሰስትም። ብርቱካንም ጨመቅ አድርጉበት። ስኳሩን ቀድማችሁ በሙቅ ውሃ አሟሙት፤ አለዚያ ታች ተኝቶ ይቀራል። ተኪላውን አክስቴ ትለካለች። እኔ ጠርሙሱን አልነካም፤ የኔ ብርጭቆ ያለ እሱ ነው። ከዚያ ከበረዶ ጋር ፔርሙዝ ውስጥ ከድኖ መናጥ! በኃይል፣ እጃችሁ በብርድ እስኪደነዝዝ! ዋናው ሚስጥር ግን ብርጭቆው ነው። አፉን ዙሪያውን በሎሚ ቁራጭ አርጥባችሁ ጨው ላይ ትደፉታላችሁ። ስታነሱት ነጭ ዘውድ ጭኖ ይወጣል።

አቀረብኩ። ጋሼ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩት። ከዚያ «ይህን ብርጭቆ ማነው ያጠበው?» አሉ። መልስም አልጠበቁ። የጋቢያቸውን ጫፍ ያዙና ዙሪያውን፣ ቀስ ብለው፣ ጥርት አድርገው ጠረጉት!

ወይኔ! አክስቴን አየኋት፤ እሷ ጣሪያውን ታያለች። ክፍሉ በጋቢ ተጠርጎ ሊሄድብን ነው። አፌን ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ «ጋሼ፣ ዋናውን ጠረጉት እኮ!» አልኩ።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ጨው ነው። ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት። እሱ ከሌለ ጎምዛዛነቱ ብቻውን ነው የሚቀረው። ይስጡኝ፣ እንደገና ልሥራው።»

ከእጃቸው ወሰድኩት። ከጋሼ መኮንን እጅ!

ሁለተኛውን ሲቀምሱ አንድ ዓይናቸው ተጨፈነ። ብርጭቆውን አዙረው ጨው ያለበት ሌላ ቦታ ፈለጉ። ደግመው አዞሩ። ሲጨርሱ የጨው ዘር አልተረፈም።

«ሰናይት፣ ክፍሉን ውሰጂ» አሉ። «መጠጡስ ይጎመዝዛል። ልጅቷ ግን ሥራዋን ታውቃለች።»

አክስቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ጋሼ እጃቸውን አነሱ። በሩ መዘጋቱን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንድ ነገር አለ። ክፍሉ ውስጥ የባለቤቴ ገብስ ተከምሯል። አውጪ ብሎ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል» አሉ።

«እርስዎ አይነግሯቸውም?» አለች አክስቴ።

«እኔ?» አሉ ጋሼ። ደንግጠው!

ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። ጎበዝ የሚባለው ፍርሃት የለቀቀው ሰው ይመስለኝ ነበር። ለካ ፈሪዎች ተመካክረው የሚልኩት ነው! ጋሼን የሚያስፈሩት ባለቤታቸው እትዬ ይርጋለም ደግሞ ጓዳ ናቸው። እናንተስ፣ አብራችሁኝ አትገቡም?