ግማሽ ፀጉርና የጋሼ ምስጋናው ባትሪ

መብራት ሲጠፋ ሀብታሙም ድሃውም እኩል ይሆናል የሚሉ ሰዎች አሉ። ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው አልጠፋባቸውም ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ መሐንዲስ ናት። ሰሞኑን ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ስታስረዳኝ፣ መኪናው ሰው በማይጠቀምበት ሰዓት ከመስመሩ ይሞላል፣ አገሩ ሁሉ ምድጃውን ሲሰካ ደግሞ ካጠራቀመው ለመስመሩ ይመልሳል አለችኝ። አዲስ ነገር መሆኑ ነው እንግዲህ። እኛ ቆቦ ላይ፣ ያውም በናፍጣ መኪና፣ ይህን ከሞከርን ስንት ዘመናችን! ማን ይመዝግብልን?

ያኔ ቆቦ መምህር ነበርኩ። ሞባይል እንደ ጌጥ በእጅ የሚያዝበት፣ የጎረቤት ችግር የራስ ችግር የሆነበት ደግ ጊዜ ነበር። የዛሬዋን ባለቤቴን ከጎረቤቷ ከተማ ከሮቢት ለመጠየቅ አከራዬንና ሐጂ ይመርን ሽማግሌ አድርጌ፣ የጋሼ ምስጋናውን አሮጌ ፒክአፕ ለምኜ ተነሳሁ። ጋሼ ምስጋናው መሪ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢና፣ እኔ ከኋላ። የተማረ ሰው ራሱ ቀርቦ ይታያል እንጂ ተደብቆ ሚስት አይጠይቅም ብዬ ነበር።

ለመታየት ደግሞ መቆረጥ ያስፈልጋል። ሰይድ ፀጉር ቤት ጎራ አልን። ሰይድ በቶንዶሱ ቀኙን ጨርሶ ወደ ግራ ሲዞር ማሽኑ ጸጥ አለ። መብራት ሄደ። በመቀስ ጨርስልኝ አልኩት።

«መምህር፣ በመቀስ ከነካሁት ፍየል የጋጠው ማሳ ነው የምትመስለው። ልጅቷን አይሰጡህም» አለኝ፣ ከልቡ አዝኖ።

ከባትሪ መብራት የሚያወጣ ኢንቨርተር ነበረው፤ ባትሪው ግን ሞቷል። ጋሼ ምስጋናው መጠበቁ ሲሰለቸው ገባ፣ ራሴን አየ፣ ወጣና ፒክአፑን በኋላ ማርሽ እስከ በሩ አስጠጋት። ናፍጣ እንዳይባክን ሞተሩን አጠፋ። ከባትሪዋ ወደ ኢንቨርተሩ ሽቦ ተሳበ፣ ቶንዶሱም አጉረመረመ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ግን በሰፈሩ መብራት ያለው አንድ ቤት ብቻ ሲሆን ጎረቤት ዝም ይላል? ፎቶ አንሺው ሞባይሉን ይዞ መጣ። ካሴት ሻጩ ገመድ ዘርግቶ ቴፑን ሰካ። ሻይ ቤቷም ቴሌቪዥኗን። ጋሼ ምስጋናው እምቢ ማለት አያውቅም፤ «ይሰካ፣ መኪና ለሰው ካልሆነ ለምን ተሠራ?» ይላል። የእህቴ ልጅ እንደምትለው የዛሬዎቹ መኪኖች ለራሳቸው መንገድ የሚበቃ ሳያስቀሩ አይሰጡም። የእኛዋ ይህን የነገራት አልነበረም።

ፀጉሬ አለቀ። ጋሼ ምስጋናው ቁልፉን አዞረ። ጭጭ።

መብራቱን የተጠቀመ ሁሉ ወጥቶ ገፋ። ፎቶ አንሺው፣ ካሴት ሻጩ፣ ሰይድ ከነሽርጡ፣ እኔም ከነሙሉ ልብሴ። ቆቦ ሜዳ ናት፣ ቁልቁለት የሚባል እርዳታ የላትም። መናኸሪያው አጠገብ ስንደርስ ሞተሩ ሳል ሳል አለና ተነሳ። እዘላለሁ ብዬ ስሮጥ ጋሼ ምስጋናው ብቆም ትጠፋብኛለች ብሎ ፈርቶ ነዳት። ሐጂ ይመር በመስኮት እጃቸውን አወዛወዙልኝ። አስፋልቱ መሐል ቆሜ ቀረሁ፤ ተቆርጬ፣ ተቀብቼ፣ ላብ በላብ ሆኜ።

ጋሼ ምስጋናው ዛሬ የለም፣ ነፍሱን ይማረው። በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ግን ያ ሁሉ ጀርባ አጎንብሶ ሲገፋ ይታየኛል። ማንም ምን አገባኝ አላለም።

ሰይድ ቤት ተቀምጬ ዋልኩ። ጠያቂው ጠፋ ተብሎ ነገሩ ይበላሻል እያልኩ መንገድ መንገዱን ሳይ ነበር። ሊመሻሽ ሲል ፒክአፗ መጣች። ሐጂ ይመር ቀስ ብለው ወረዱ። የልጅቷ አባት አኩርፈው ነበር የጠበቋቸው። ያ መምህር ራሱ ይመጣል የሚል ወሬ ደርሷቸው ኖሯል።

«ልጁ ራሱ መጥቶ ቢሆን ከደጅ ነበር የምመልሳችሁ» አሏቸው። «ቤቱ ተቀምጦ ሽማግሌ ላከ። ሥርዓት የሚያውቅ ልጅ ነው። ሰጥተናል።»

ሐጂ ይመር ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ ራሴን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ደግሞ አምሮብሃል» አሉኝ።