ክብርት ዶክተር እና የቅማሉ ቅባት

ሰው በተጠጋጋበት ሕንፃ ሁሉ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ ለሁሉ መድኃኒት የምታዝ አንዲት ሴት አትጠፋም። የአንዲት ልብስ ሰፊ ጎረቤት ከእነዚህ አንዷ ናቸው፤ ሕንፃው በሙሉ «ክብርት ዶክተር» ይላቸዋል። ሲጠሯቸው ይመጣሉ፤ ሳይጠሯቸው ደግሞ ይበልጥ ፈጥነው ይመጣሉ። «እኔን ስሙኝ» ካሉ መስማት ነው፤ ድምፃቸው እንደሆነ ምድር ቤት ድረስ ይወርዳል።

ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ የልጇን ፀጉር ስትጎነጉን ቅጫም ያየች ዕለት ከቅማሉ ይልቅ እሳቸውን ፈራች። ወሬው ከወጣ ማን ጨርቁን አምኖ ይሰጣታል? ፋርማሲ ሄዳ በሹክሹክታ ጠየቀች። ባለሙያዋ ቅባት ሰጥታት፣ «የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቀሽ እጠቢው፤ ጥርሱ በደቀቀ ማበጠሪያ አበጥሪ፤ ከሳምንት በኋላ ድገሚው። ሌላ ነገር እንዳትቀቢበት» አለቻት።

ወጥ ቤት ውስጥ ውሃ ጥዳ፣ ልጅቷን ምድጃው አጠገብ አስቀምጣ መመሪያውን ስታነብ በሩ ተበረገደ።

«ልጅቷን ደረጃው ላይ ጭንቅላቷን ስታክ አይቻታለሁ» አሉ ክብርት ዶክተር። «ይሄ የሰጡሽ ለቅማሉ ገላ መታጠቢያ ነው። እኔን ስሚኝ።» ይዘውት የመጡትን የላምባ ጠርሙስ ከፍተው ወደ ልጅቷ ጭንቅላት አዘነበሉ። እሳቱ ከትከሻዋ ክንድ አይርቅም።

ልብስ ሰፊዋ እምቢ ብላቸው አታውቅም። ግን እጃቸውን አፈፍ አድርጋ ያዘች።

«እትዬ፣ እሳት አለ። ልጄን ያቃጥሉብኛል።»

ምድጃውን አዩ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ጠርሙሱን ከድነው ወጡ።

ልጅቷን የፋርማሲውን ቅባት ቀብታ፣ አጥባ፣ አበጥራ ብትጨርስም ልቧ አላረፈም። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በሰማች ቁጥር ወሬውን ሰምቶ ጨርቁን መልሶ ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ይመስላታል። የራሷም ጭንቅላት በላት፤ ከፍርሃት ይሁን ከቅማል መለየት አቃታት።

በማግስቱ ክብርት ዶክተር መነጽራቸውን አድርገው መጡ።

«የልጅቷን አንቺ አየሽላት። ያንቺን ማን ያይልሻል? ነይ ቁጭ በይ።»

ፈራ ተባ እያለች ጭንቅላቷን ጉልበታቸው ላይ አሳረፈች።

«ለማን አወሩት እትዬ?»

«ለማንም» አሉ፣ ለራሳቸው እንኳ በማይሰማ ድምፅ። «ሌሊቱን ሙሉ ያቺ ልጅ ዓይኔ ላይ ስትነድ አደረች።»

ፀጉሯን እየፈለቀቁ ፈትሸው ሲጨርሱ «ምንም የለብሽም» አሉ። ከዚያ ሻሻቸውን ፈቱ። ከሥሩ ያለው ፀጉር ነጭና ስስ ነው።

«እኔንም ያሳክከኛል» አሉ። «ፀጉሬን የሚያይልኝ ሰው ግን የለኝም።»

ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ በእሳቸው ቦታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ያንን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አስደግፋ፣ እንዳታሳምማቸው እየተጠነቀቀች፣ ማበጠር ጀመረች።