በልብስ ካውያ የተሠራው ድምፅ ማጉያ

እስቲ ወዲህ ጠጋ በሉ፤ አላስረዝምም፣ የያዛችሁት ሻይ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ።

መቼም ሰው ከሚያውቀው ሥራ ይልቅ የማያውቀው ይጣፍጠዋል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ተረት እኔም ስንቱን ስመክርበት ኖሬያለሁ። ለራሴ? ተረት ለራስ ይተረታል እንዴ!

ደብረ ማርቆስ ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። አንድ ሰሞን ከቁይ ከተማ ወጣ ብላ ካለች የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን መሪጌታው የተቃጠለ ድምፅ ማጉያ በጋቢ ጠቅልለው፣ እንደታመመ ሕፃን ታቅፈው መጡ። ንግሡ ደርሷል። የጎረቤት ደብር ሰዎች ተጠርተዋል። እኒያ ደግሞ አዲስ ድምፅ ማጉያ ገዝተው በበዓላቸው ሲያደነቁሩን ውለዋል፤ ታዲያ አሁን እኛ ድዳ ሆነን እንቀበላቸው? አሉኝ። ከፍቼ ባየው፣ ኤሌክትሪኩ የሚሄድባቸው የመዳብ መስመሮች ያሉበት ቦርድ ከሰል ሆኗል። መለዋወጫ የለውም። ያኔ አፌ ቀደመኝ፤ «ግድ የለም የኔታ፣ ቦርዱን ራሴ እሠራዋለሁ!»

እንዴት ብትሉ፣ መስመሩን ኮምፒውተር ላይ የሚሥል ፕሮግራም አለ፤ አንድ የቴክኒክ አስተማሪ አሳይቶኝ ነበር። ሥዕሉን ወረቀት ላይ ታትማለህ፤ ወረቀቱን መዳብ በተለበጠ ሰሌዳ ላይ በልብስ ካውያ ትተኩሳለህ፤ ቀለሙ መዳቡ ላይ ይቀራል። ከዚያ አሲድ ውስጥ ስትነክረው ቀለም ያልሸፈነውን መዳብ አሲዱ ይበላዋል፣ መስመሩ ይተርፋል። በቃ። ካውያውን ባለቤቴን አስፈቅጄ ወሰድኩ። አስፈቅጄ ስል፣ እሷ ገበያ ሄዳ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አለ፦ ሥዕሉ ወረቀቱ ላይ እንደ ማኅተም ተገልብጦ መታተም አለበት፤ ሲተኮስ ነው የሚቃናው። ይህን አውቃለሁ። ክፋቱ፣ ሥራዬ ይሥመር ብዬ ጥጉ ላይ «ቅዱስ ሚካኤል» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀቱ ሲወጣ መሪጌታ መነጽራቸውን ሰክተው አዩና ፊታቸው ተለወጠ። የመልአኩን ስም ወደ ኋላ የሚጽፍ ማን እንደሆነ አገር ያውቃል፣ አሉ። አስማተኛ ማለታቸው ነው። ባለ ፎቶ ኮፒዋ አማተበች። ወረፋ የያዘው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ስለ ማኅተሙ፣ ስለ ካውያው ባስረዳ ማን ይስማኝ? እንግዲያው ስሙን ላጥፋው አልኩ። «የመልአኩን ስም ልታጠፋ!» ብለው ጭራሽ ባሰባቸው። ወሬው ከተማ ቢገባ አስቡት፤ ከዚያ ወዲያ ሬዲዮ የሚያመጣልኝ የለም፣ የምትመጣው ባል የኮበለለባት ብቻ ናት። ኮምፒውተሩ ላይ ስሙን ለይቼ ላቃና ስነካካ ሥዕሉ በሙሉ ዞረ። ስሙ ቀጥ ብሎ ወጣ። መሪጌታ እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ ብለው መረቁኝ። እኔም መስመር ምን ቀኝና ግራ አለው ብዬ ተኮስኩት።

ለካ አለው። ከአሲዱ ሳወጣው ሚካኤል መዳቡ ላይ ወደ ኋላ ተጽፎ ቁጭ ብሏል! ሌላ ሰሌዳ የለኝም። ምን ላድርግ? ስሙ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩና የማጉያውን ዕቃዎች በየቀዳዳቸው በየድኳቸው።

የንግሡ ዕለት ሕዝቡ ሞልቷል፤ እንግዶቹ ፊት ለፊት ቆመዋል። መሪጌታ ማይኩን ጨበጡ፤ እኔ ሰካሁ። ለካ መስመሩ ግራና ቀኙ ስለዞረ፣ ድምፅ በሚወጣበት በኩል መብራት ገብቶ ኖሯል፤ ጧ! አለና ዝም። ከጽናው ዕጣን ቀድሞ የኔ ጢስ ወጣ። መሪጌታ አንዴ እኔን፣ አንዴ እንግዶቹን አዩ። ከዚያ ማይኩን አስታቀፉኝና ዜማውን በገዛ ጉሮሯቸው ጀመሩት።

ሁሉም ሲያበቃ ይቅርታ ልጠይቅ ጎንበስ ብዬ ስጠጋ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ የሚቀመጡ አንዲት እማሆይ ቀደሙኝ። የመሪጌታን ክንድ ያዝ አድርገው፣ እኔንም በዓይናቸው ጠቅሰው፣ እንዲህ አሉ፦ «ተመስገን! ዛሬ ገና የምትሉትን ሰማሁት። አደራ፣ ማጉያውን እንዳታሠሩት!»