ጋሼ ጥሬ እና የእናቴ ብዕር

ከሱቅ የተገዛ ዕቃ ሁሉ ገና ያላለቀ የሚመስለው ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። የለም የሚል ካለ ዐይኑን ገልጦ ይመልከት። ለእኛ መዝገብ ቤት የደረሱን ጋሼ ጥሬ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው የገዛ አፋቸው ነው። አዲስ ዕቃ ባዩ ቁጥር ገልበጥ ገልበጥ አድርገው፣ "ይሄማ ገና ጥሬ ነው!" ይላሉ። ከዚያ ከኪሳቸው ሞረድ ይወጣል።

ሌላው ሰው በኪሱ መሐረብ ይይዛል፤ ክቡርነታቸው ሦስት ዓይነት ሞረድ ይይዛሉ። መቀሶቻችንን ስለዋል፤ የማኅተሙን እጀታ ለጸሐፊዋ መዳፍ እንዲመች አድርገው ቀርጸዋል። አንድ ጊዜ የአለቃችን ወንበር ተንገዳገደ ብለው አንድ እግሩን ሞረዱት። ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ደግሞ የመጀመሪያውን። በሳምንቱ መጨረሻ አለቃችን አገጩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ነበር የሚፈርመው። ደግነቱ ቅር አላለውም፤ "ወገቤን ተሻለኝ" አለ።

የራሳቸው ቀለም የሚሞላ ብዕር ግን ለብቻው ነው። ጫፉን ለእጃቸው ልክ ስለሞረዱት ወደ ታች ወፍራም፣ ወደ ጎን ቀጭን መስመር ያወጣል። ተራ የፋይል ቁጥር እንኳ በእሳቸው እጅ ያምርበታል። ሌላ ሰው ሲያነሳው ግን እንደ ድመት ይቧጭራል። አዲስ የመጣች ባልደረባችን ሞክራው፣ "ተበላሽቷል እኮ" ብትላቸው፣ "የለም፣ የማያውቀውን ሰው አያናግርም" አሏት።

ባለፈው ዓመት እናቴ ስታርፍ ለእኔ የደረሰኝ እንዲህ ያለ ብዕር ነው። ሠላሳ ዓመት አስተምራበታለች፤ ለእኔም ፊደል ጽፋ ያሳየችኝ በእሱ ነው። ችግሩ እኔ ግራኝ ነኝ። ልጽፍበት ስል ወረቀት ይቀድዳል እንጂ ቀለም አይሰጠኝም። ዓመት ሙሉ ሞከርኩ። እሷ ራሷ ያኮረፈችኝ ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ ጨክኜ ለጋሼ ጥሬ ሰጠኋቸው። የተሞረደ ነገር መልሶ እንደማይበቅል አውቃለሁ፤ ከእሷ የቀረኝ ደግሞ ያ ብዕር ብቻ ነው። ቢሆንም መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ከሚቀር ይሁን አልኩ።

ክቡርነታቸው የሰዓት ሠሪ ማጉያ ዐይናቸው ላይ ሰክተው ጫፉን አዩት። ሞረዱን አወጡና መልሰው ከተቱት።

"እናትህ ሲጽፉ ብዕሩን ወደ ቀኝ ዘንበል ያደርጉት ነበር?"

"እንዴት አወቁ?"

"እዚህ ጋ ተበልቷል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወረቀት ነው የሞረደው፣ ልጄ። እኔ እንዲህ አድርጌ አልሞርድም። ይሄ በስሏል፤ እጄን አላስገባም።"

እስከዚያ ቀን ድረስ እስቅባቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር የወደድኳቸው ያን ጊዜ ነው።

ነገሩ ግን እዚያ ላይ አላበቃም። ሳምንት ሙሉ ወንበራቸውን አጠገቤ አምጥተው ስጽፍ እጄን ሲመለከቱ ከረሙ። "ክርንህን አትሰብስብ! እንደ ልማድህ ጻፍ!" እያሉ ይቆጡኛል። ከዚያ ከመሳቢያቸው አንድ ርካሽ ብዕር አወጡና የእናቴን ብዕር ጫፍ እያዩ፣ ለግራ እጅ ገልብጠው ይሞርዱልኝ ጀመር። ዐሥራ ሁለት ጊዜ አስጻፉኝ፤ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ከእጄ ነጥቀው ሞረዱ። በዐሥራ ሦስተኛው ብዕሩ ድምፁን አጠፋ። ቀለሙ ያለ ምንም ግፊት ወረደ፤ ወደ ታች ወፈረ፣ ወደ ጎን ቀጠነ። ስሜን ጻፍኩ፤ እንደ ሕፃን ደግሜ ደጋግሜ ጻፍኩት። ጋሼ ጥሬ የብረት ብናኙን ከጉልበታቸው ላይ አራገፉና፣ "ለማንም እንዳታውስ" ብለውኝ ወደ ሥራቸው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት አብራኝ ለምትኖረው እህቴ ብጣሽ ወረቀት ላይ፣ "የኮሪደሩ አምፖል ተቃጥሏል፤ ስትመለሺ ግዢ" ብዬ ጽፌ ጠረጴዛ ላይ ተውኩላት። ከሥራ ስመለስ አምፖሉ አልተገዛም። እህቴ ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች።

"የእማዬን ጽሑፍ ከየት አገኘኸው?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

አላመነችኝም። ብዕሩን አውጥቼ እዚያው ፊቷ ጻፍኩላት። እጄን አየች፤ ወረቀቱን አየች፤ ዐይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ የጠዋቱን ብጣሽ በጥንቃቄ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"አምፖሉን አንተው ግዛ" አለች። "ወረቀቷ የእኔ ናት።"