የጋሽ ቆይ እስኪ ትርፍ ብሎኖች

በየሕንፃው አንድ ሰው አለ፤ ያልተበላሸ ዕቃ ባየ ቁጥር እጁን የሚበላው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሕንፃ የሚያውቅ ይንገረኝና ዛሬውኑ ዕቃዬን ጭኜ ልግባ። ውሸቴን ነው፣ አልገባም።

የኛው፣ ክቡር የሁለተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ ጋሽ ቆይ እስኪ ይባላሉ። ስሙን ያወጣላቸው የገዛ አፋቸው ነው። ራዲዮ ተንኮሻኮሸ? «ቆይ እስኪ ልየው!» በር ሲጥ አለ? «ቆይ እስኪ!» መፍቻ ከኪሳቸው አይለይም። ፈትተው፣ ጠርገው፣ መልሰው ሲገጥሙ ግን ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ብሎን ይተርፋል። «ጋሼ፣ ይሄስ?» ስንላቸው፣ «ትርፍ ነው፤ ፋብሪካው አብዝቶ ነው» ይላሉ። የደረጃው መብራት እሳቸው ካዩት ወዲህ የሚበራው ቀን ቀን ነው። የኔን የበር ደወል ሲጫኑት ጎረቤቴ ቤት ይጮሃል።

ለጥገና እምቢ ያላቸው ነገር ቢኖር የፊት ጥርሳቸው ነው። ሁለቱ ከወለቁ ቆይተዋል። ሰው ሠራሽ ጥርስ በራሳቸው እጅ ሞርደው፣ በጫማ ማጣበቂያ ቢለጥፉት ከንፈራቸው አብሮ ተጣበቀና፣ ባለቤታቸው እትዬ በሙቅ ውሃ ሲያላቅቋቸው አደሩ። ከዚያ ወዲህ ሲስቁ አፋቸውን በመዳፍ ይከድናሉ። ድሮ ያ ሳቅ ከታችኛው በር እስከ ጣሪያ ይሰማ ነበር። እትዬ፣ «ሳቁን ብቻ መልሱልኝ» ብለው ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው። እኔም እጃቸውን ልይዝ ተከተልኩ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ራጁን ወደ መብራት ከፍ አድርጋ፣ «አባባ፣ ጥርሱ ከወለቀ ስለቆየ አጥንቱ ሳስቷል። ጥርሱን የሚሸከመው ብሎን የሚጨብጠው ነገር የለም። መጀመሪያ የአጥንት ፍርፋሪ ሞልቼ እሰፋዋለሁ፤ ከራስዎ አጥንት ጋር እስኪዋሃድ ወራት ይፈጃል። እስከዚያ በጣትም በምላስም እንዳይነኩት» አለች።

«ብሎን» ሲባል ዓይናቸው በራ። «እንዳይነኩት» የተባለውን የሰማሁት እኔና እትዬ ብቻ ነን።

ሐኪሟ ሞልታ በሰፋች በሳምንቱ ጋሼ መስታወት ፊት ቆመው፣ የስልክ መብራት አብርተው፣ «ቆይ እስኪ ልየው» ብለው በስቴኪኒ ጎረጎሩት። ከዚያ ነጭ ፍርፋሪ በሶፍት ጠቅልለው ሄዱና ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ይቺ ተርፋችሁ ነው መሰል።»

ሐኪሟ ሶፍቱን አየች። እሳቸውን አየች። «አባባ፣ ይሄ ትርፍ አይደለም። ጥርስዎ የሚቆምበት መሬት ነው። አንዴ እደግመዋለሁ። ያም ከፈረሰ ግን ሌላ አልሞክርም፤ የምሰፋው ድድ አይኖርም።»

ደግማ ሞልታ ሰፋች። እትዬ ደረጃው ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ የዚህ ሰው እጅ ሥራ ከፈታ ሳቁን ቀበርነው ማለት ነው» አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ ዞር ዞር ብል ማራገቢያዬ እንደ ልቡ ይሽከረከራል። አንዱን ብሎን አላላሁና ማራገቢያውን ይዤ ወረድኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይንጓጓል።»

«ቆይ እስኪ ልየው!»

ወሬው በደረጃው ወጣ ወረደ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አመጣች። ጡረተኛው መምህር የግድግዳ ሰዓቱን። ጥበቃው ሳይቀር የዋናውን በር ቁልፍ ነቅሎ «ይጠነክራል» ብሎ አስረከበ፤ ሌሊቱን በሩን በጀርባው ደግፎ አደረ። ሕንፃው በሙሉ ለአንድ ሰው መንጋጋ ሲባል ተበላሸ። እሳቸውም ሲፈቱ፣ ሲገጥሙ አፍ እንዳላቸው ረሱት።

ወራቱ ሲያልቅ ሐኪሟ አዲሱን ራጅ አየችና «ይዟል!» አለች። ብሎኖቹን አስገባች። እነሱ አጥንቱን እስኪጨብጡ ደግሞ የሕንፃው ቀሪ ዕቃ አለቀ። ጥርሶቹ የተገጠሙ ዕለት ጋሽ ቆይ እስኪ ከወንበሩ ሳይወርዱ ጎንበስ ብለው የሐኪሟን የመሣሪያ ሳህን ፈተሹ።

«ምንም አልተረፈም?»

«ምንም፣ አባባ።»

«ይሄማ ሥራም አይደል!» ብለው ሳቁ። መዳፋቸው ጉልበታቸው ላይ ቀረ። እትዬ መሐረብ ሲፈልጉ ቦርሳቸውን ገለበጡት።

አሁን ሳቁ ከታችኛው በር እስከ ጣሪያ ይሰማል። በሕንፃችን ደህና የሚሠራው እሱ ብቻ ነው። ማራገቢያዬ ሁለት ብሎን ተርፎት ተመልሶልኛል፤ ይዞራል፣ ነፋሱን ግን የሚልከው ወደ ግድግዳው ነው። ትናንት ጋሼ ደረጃ ላይ አገኙኝ።

«ሰዓትህ ደህና ነው?»

ክንዴን አየሁት። ደህና ነው።

«ኧረ ጋሼ፣ ትንሽ ይዘገያል መሰለኝ» አልኩና ፈትቼ ሰጠኋቸው።