ካፒቴን ወልደጻድቅና ስሱ አየር

በየሰፈሩ ከመሬት ተነሥቶ የማያውቅ አንድ አብራሪ አይጠፋም። የእኛ የሀዋሳው ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ድርሻ ክቡር ካፒቴን ወልደጻድቅ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር፣ በሰባ ዓመታቸው ከአውቶቡስ ሌላ ያልተሳፈሩ።

ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው ካለ ከሸኚ ሁሉ ቀድመው የሚገኙት እሳቸው ናቸው። ሻንጣውን አንጠልጥለው በክንዳቸው ይመዝናሉ። "አየሩ ስስ ነው" ይላሉ። ከፍታ ላይ ክንፉ የሚደገፍበት አየር ይሳሳል፣ በቀትር ሙቀት ደግሞ ይብስበታል፤ ስለዚህ ጭነት ይቀነስ። የጎረቤታችንን የማርታን ቆጮ ከሻንጣዋ አስወጥተው፣ አውሮፕላኑን አቃለልኩት ብለው፣ ቤታቸው ወስደው በልተውታል።

እኔም የልጃችን የሶልያና ሠርግ እስኪደርስ ድረስ እስቅ ነበር። ሠርጉ አዲስ አበባ ነው፤ ባለቤቴ ብርቅዬ ወገቧን ስለሚያማት ያን ሁሉ መንገድ በመኪና አትችለውም። ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ግን ስትሰማው የኖረችው ስስ አየር አጥንቷ ገባ። ሠርጉን በስልክ አየዋለሁ ብላ ቁጭ አለች። ፍልስፍና የተማርኩ ነኝና ስለ ፍርሃት ምንነት አስረዳኋት። ባሰባት።

ካፒቴኑን ጠርቼ ያበላሹትን ያስተካክሉ አልኳቸው። ወንበር ስበው ከብርቅዬ ፊት ተቀመጡ።

"ብርቅዬ፣ እኔም እፈራለሁ" አሉ። "አብሬሽ በርሬ ከጎንሽ እቀመጣለሁ።"

በጉዞው ጠዋት ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ፤ ሊሸኝ የመጣው ግን እሳቸውን ነው። ባለሱቁ ሰኢድ፣ "ጋሼ፣ እርስዎስ ስንት ኪሎ ነዎት?" ብሎ ነካካቸው። እውቀት ክብደት የለውም አሉት፤ ከንፈራቸው ግን ደርቆ ነበር።

አውሮፕላኑ ሲንደረደር የብርቅዬን እጅ ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ትምህርት ጀመሩ፤ አሁን መሬት ለቀቀ፣ አሁን ጎማው ታጠፈ። ቦሌ ስናርፍ አውሮፕላኑ ሮጠ፣ ሮጠ፣ አልቆም አለ። ተሳፋሪው ትንፋሹን ዋጠ። ካፒቴኑ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"አትደንግጡ። ቦሌ በከፍታ ከሀዋሳ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ይበልጣል። አየሩ ስስ ነው፤ ገና ይሮጣል።"

እንዳሉትም ሮጦ ሮጦ ቆመ። ብርቅዬ ሳቋ አመለጣት፤ ተሳፋሪው ሁሉ አጨበጨበላቸው።

በሠርጉ ብርቅዬ በዚያ ወገቧ ቆማ ዘመረች። ካፒቴኑ የሙሽራውን አጎቶች ሰብስበው ስለ ማረፍ አስተማሩ። የበረሩ ሰው ናቸው፤ ከእንግዲህ ማን ይችላቸዋል?

በመመለሻችን ዕለት ብርቅዬ ሳታየኝ ወደ አየር መንገዱ ባንኮኒ ጠጋ ብዬ፣ ከአቶ ወልደጻድቅ ጎን ቦታ ይገኝ እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቅሁ። ልጅቷ ኮምፒውተሯን አይታ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ባለቤቴ ገና በማለዳ ደውላ ይዛዋለች።