ሙሴ ቬንትሌተር አማቱን ድሬን ያስጎበኘበት ቀትር

ትናንት በቀትር፣ ድሬዳዋ በሯን ገርበብ አድርጋ በተኛችበት ሰዓት፣ ሙሴ ቬንትሌተር ሕልም አየ። ሕልሙን ለጎረቤቱ ለዘይነባ ነገራት፤ ዘይነባ ደግሞ እስኪመሽ ለሰፈሩ አዳረሰችው። ስለዚህ እኔ የምጨምርበት ነገር የለም። ብጨምርም ትንሽ ነው።

ሙሴ መጋላ ሰፈር ውስጥ የተበላሸ ቬንትሌተር ይጠግናል፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ሊያገባት የሚፈልጋት ማህደር ያለችው አዲስ አበባ ነው። አባቷ አቶ አስታጥቄ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። የተላኩባቸውን ሽማግሌዎች “ልጄ አግብታ የምትኖርበትን ከተማ በዓይኔ ሳላይ እሺም እምቢም አልልም” ብለው መለሷቸው። ሙሴንም በስልክ አስጠነቀቁት፦ “ባቡር ጣቢያውን በፎቶ አይቼዋለሁ። ሰው የሚኖርበትን አሳየኝ።”

ሙሴ ሲዘጋጅ ሰነበተ። ቱሪስት የማይደርስበትን ሁሉ በቃሉ ያዘ፦ ቀፊራ ገበያ በየት በኩል ቢገቡ ጥላ እንደሚገኝ፣ ጣፋጩ ሙሸበክ ከመጥበሻው ትኩስ ትኩሱ የሚወጣው የት እንደሆነ፣ አመሻሹ ላይ ሰዉ በር በሩ ላይ ወጥቶ የሚጫወተው በየትኛው ሰፈር እንደሆነ። የቀረው አንድ ጭንቀት ብቻ ነበር። ድሬ ትልቅ ትንሹን አንተ ነው የምትለው። አቶ አስታጥቄ ደግሞ አንቱ ያላላቸውን ተማሪ ከነወላጁ የሚያባርሩ ሰው ነበሩ አሉ።

“ዘይነባ፣ አንቺ እንኳን አንቱ በያቸው” ብሎ ለመናት።

“ኧረ አቦ! እኔ ለማን ብዬ አውቃለሁ? ምላሴ ይሰበራል!”

አቶ አስታጥቄ በአውሮፕላን የሚደርሱት ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ሙሴ ምሳውን በላ። ሸሚዙን ተኩሶ ሰቀለ። በአንዷ ክፍል ቤቱ ውስጥ ለእንግዳው ያነጠፈውን አዲስ ፍራሽ አስተካከለና፣ በራሱ በአሮጌው ላይ ለአንዲት አፍታ ጋደም አለ። የድሬ ልጅ በቀትር ጋደም ካለ በኋላ የሚሆነውን የድሬ ልጅ ያውቀዋል።

በሕልሙ ከተማው በቀትር ነቅቷል። ሙሴ ባጃጅ ሊጠራ ቢወጣ ባጃጆቹ እሱን ጠሩት። አንዷ “ይሸከሙኝ፣ ጎማዬን አሞኛል” ብላ ጀርባው ላይ ወጣች። እሷን አዝሎ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሮጠ። እዚያ ሻንጣዎቹ ባለቤቶቻቸውን በክንዳቸው እየጎተቱ ይወጣሉ። በመጨረሻ አቶ አስታጥቄ ሽርጥ አገልድመው፣ የሙሴ ስም የተጻፈበት ካርቶን ይዘው ብቅ አሉ።

“እንኳን ወደ ድሬዳዋ በደህና መጡ” አሉት። “አስጎብኚዎ እኔ ነኝ።”

“ኧረ ጋሼ፣ የማስጎበኝዎትስ እኔ ነኝ! እዚሁ ነው የተወለድኩት።”

“እንግዳ ሁሉ እንደሱ ነው የሚለው። ኮፍያ አልያዙም?”

ሙሴ ራሱን ሲነካ እውነትም ኮፍያ የለውም። ራሱም ያለ መሆኑን ተጠራጠረ። ተከተላቸው።

በዛፎቹ ጥላ የታወቀው ከዚራ ሰፈር ደረሱ። ዛፎቹ በመንገዱ ዳርና ዳር ተቀምጠዋል፤ ሰዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ቆመው ጥላ ይሰጧቸዋል። አንድ ያረጀ የኒም ዛፍ አንድ ረጅም ሰውዬ ሥር ቁጭ ብሎ “ትንሽ ጠጋ ይበሉ፣ ፀሐይ መታኝ” አለው። ሰውየው ጠጋ አለ። ሙሴ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት፣ አቶ አስታጥቄ “ይሄ የቱሪስት ቦታ ነው፣ ይለፉ” ብለው ገፋ አደረጉት።

ቀፊራን ፍየሎች ይዘውታል። ሰዉ በገመድ ታስሮ ቆሟል፤ ፍየሎቹ እየዞሩ ይመርጣሉ። አንዲት ጥቁር ፍየል የሙሴን ጎን ዳሰስ አደረገችና ፊቷን አጨማደደች።

“ከሲታ ነው። ሚስት የለውም መሰለኝ።”

“ሊያገባ ነው፣ አማቱ ከፈቀዱ” አሉ አቶ አስታጥቄ።

“ይፈቅዱ ይሆን?”

“እንጃ። ገና ከተማውን አላየም።”

“ማን ነው ያላየው?” አለ ሙሴ። “እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?”

ፍየሏና አማቱ ተያዩ።

ገበያው መሃል ዘይነባን አያት። የምትሸጣቸው ሳምቡሳዎች ዙሪያዋን ቆመው እሷን በጋዜጣ ለመጠቅለል ይጣደፋሉ። ሙሴ እየሮጠ ሄደ።

“ዘይነባ! ግራ ገባኝ፣ ቤቴ በየት በኩል ነው?”

“ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ” አለች ዘይነባ ጎንበስ ብላ። “ከዚህ በፊት የተዋወቅን አልመሰለኝም።”

አፍንጫውን ጠርጋ ያሳደገችው ዘይነባ! ሙሴ በፍየል መዳሰሱን ችሎት ነበር፤ ይሄኛውን ግን አልቻለም። ሰዉም ሳምቡሳውም አንቱ እያለ ሲሸሸው፣ በተወለደበት ከተማ ብቻውን መቅረቱ ታወቀውና እንባው መጣ።

ወደ ሱቁ ሮጠ። ሱቁ ውስጥ ቬንትሌተሮች ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰውዬ ፈትተው ያያሉ። “ቀጣይ!” አለ የጣሪያው ቬንትሌተር ሙሴን አይቶ። “እርስዎስ ምንዎ ነው የተበላሸው?” ሙሴ “እኔስ አማቴን...” ሲል፣ “ይሄ ሽቦው ተቃጥሏል” ተባባሉና መፍቻ አነሱ። በመስኮቱ ዘሎ አመለጠ።

ያረፈው ደቻቱ ላይ ነው፤ ውሃ የሌለበት አሸዋማው ወንዝ ላይ። ሰዎች አሸዋው ውስጥ ይዋኛሉ። መሃል ላይ አቶ አስታጥቄ የመምህር ጠረጴዛ ዘርግተው፣ የትምህርት ቤት ደወል ይዘው ተቀምጠዋል።

“ልጄን ልስጥዎት ወይስ አልስጥዎት፣ በዚህች አንድ ጥያቄ ይወሰናል” አሉ። “በዚህ ከተማ፣ በቀትር፣ ሰው የት ነው ያለው?”

ሙሴ መልሱን ያውቀዋል። የድሬ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። አፉን ሲከፍት ግን የወጣው የቬንትሌተር ድምፅ ነው።

“ዝዝዝዝ።”

“አልሰማሁም።”

“ዝዝዝዝዝ!”

“ወድቀዋል!” አሉና ደወሉን አነሱ። ደወሉ አልጮኸም። አንኮራፋ።

ሙሴ ብንን አለ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ሸሚዙ እንደተሰቀለ ነው። ስልኩ ላይ ያልተነሳ የአቶ አስታጥቄ ጥሪ ተደርድሯል። “አለቀልኝ!” አለ ጮክ ብሎ። ማንኮራፋቱ ግን አልቆመም። ዘወር ሲል፣ አዲሱ ፍራሽ ላይ አቶ አስታጥቄ የሙሴን ሽርጥ አገልድመው ለጥ ብለዋል። ሱሪያቸው ወንበር ላይ ታጥፏል፤ ቬንትሌተሩም ወደ እሳቸው ዞሯል። ሙሴ የራሱን ጉንጭ ቆነጠጠ።

“ምን ትቆነጥጣለህ?” አለች ዘይነባ ከበሩ ላይ።

“ማነው ያስገባቸው?”

“እኔ ነኛ! ለአስር ሶላት ብነሳ፣ ሻንጣውን ይዞ ፀሐይ ላይ ይንከራተታል። የሙሴ ቤት ወዴት ነው አለኝ። አንተ ሰውዬ አብደሃል ወይ፣ በዚህ ሰዓት ምን ልታይ ነው፣ ግባና ተኛ አልኩት።”

“አንተ አልሻቸው?”

“አልኩት። ገብቶ ተኛ።”

አቶ አስታጥቄ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ሙሴ በጉልበቱ ተንበርክኮ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲጀምር፣ በእጃቸው አስቆሙት።

“ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም” አሉ ቀስ ብለው። “ግባና ተኛ የሚለኝ ሰውም ከእናቴ ወዲህ አላገኘሁም።”

“ሲመሽ ቀፊራን አሳይዎታለሁ” አለ ሙሴ። “ሙሸበክም አለ...”

“አየሁትኮ ከተማውን። ማህደርን መርቄ ሰጥቼሃለሁ።”

ሙሴ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል “ቆይ፣ አልጨረስኩም” አሉት። “ይቺ ፍራሽ የኔ ናት። ሰርጉ እንዳለቀ ጓዜን ጠቅልዬ መጥቼ ከናንተው ጋር ነው የምኖረው።” ይህን ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ሙሴ አንዷን ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ አየ። ከዚያም ቀስ ብሎ ተጋደመና፣ ፈተናውን ወደወደቀበት ሕልም ለመመለስ ዓይኑን ጨፈነ።